ጫማዎን ለሦስተኛው ቀን እግር ይግዙ

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የስምንት ቀን የእግር ጉዞ አቅደናል። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እንሄዳለን። በጀርባዬ 9 ኪሎ ያህል እሸከማለሁ። ባለፈው ለሙከራ አንድ ቀን ስንሄድ ጠንካራ የቆዳ ቡት ነበር ያደረግሁት፤ ቁጥሩ ሁሌም የማደርገው 41 ነው። ማታ ሳወልቀው ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረዋል። የአንዱ አውራ ጣቴ ጥፍርም ጠቁሯል። ካልሲዬ ወፍራም የጥጥ ነበር። ሌላ ቡት ልግዛ ወይስ ቀላል ጫማ ይበቃል? ውሃ የማያስገባው ይሻላል? ካልሲውስ ምን ዓይነት ይሁን? እግሬ ፊቱ ሰፋ ያለ ነው።

ምላሽ፦ የመልሱ ግማሽ ጥያቄዎ ውስጥ አለ። ሁሌም የሚያደርጉት ቁጥር፣ ፊቱ ሰፊ እግር፣ ወፍራም የጥጥ ካልሲ። እነዚህን ሦስቱን የነገረኝ ሰው ማታ ላይ እግሩ ምን እንደሚመስል ባይነግረኝም መገመት አያቅተኝም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከረጅም ጉዞ የተመለሱ እግሮችን ማየት የሥራዬ አካል ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ብራንድን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ ልኩ ነው፤ ቀጥሎ እርጥበቱ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከልኩ እንጀምር። እግር ቀኑን ሙሉ አንድ ልክ ሆኖ አይውልም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ትንሽ ነው። ሲቆሙ፣ ሲሄዱና ሲሞቅዎ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርድና ያብጣል። ሸክም ሲጨመርበት ደግሞ የውስጥ እግርዎ ጎድጓዳ ክፍል ዝቅ ይላል፤ እግሩ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይለጠጣል። በተከታታይ ቀናት ጉዞ ላይ ይህ ይደራረባል። ሌሊቱ የቀኑን እብጠት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አያወርደውም። ስለዚህ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ያለ ሸክም ቆመው «ልክክ አለልኝ» ያሉት ጫማ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት 9 ኪሎ ተሸክመው ቁልቁለት ሲወርዱ ሌላ ጫማ ይሆንብዎታል። መግዛት ያለብዎት ለዚያኛው እግር ነው።

እንዴት ይለኩ? ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቢቻል አንድ ሁለት ሰዓት ከተራመዱ በኋላ። ለጉዞው ያሰቡትን ካልሲ ያድርጉ። ቦርሳዎን ሞልተው ይሸከሙ። ወረቀት መሬት ላይ ያንጥፉና ተረከዝዎን ከግድግዳ አስነክተው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ያስምርልዎት። ራስዎ ካጎነበሱ ክብደትዎ ስለሚዛባ ልኩ ይሳሳታል። ሁለቱንም እግር ይለኩ። የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ረጅሙ ጣት የግድ አውራ ጣት ነው ብለውም አይገምቱ። ሁለተኛው ጣቱ የሚበልጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከረጅሙ ጣትዎ ፊት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ መቅረት አለበት። እዚህ ላይ የጫማ ቁጥር ያታልላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ41 ወደ 42 ሲወጡ የሚያገኙት ይህችኑ ነው። በእንግሊዝ አቆጣጠር አንድ ሙሉ ቁጥር 8.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ላይ ፋብሪካዎች ጫማ የሚሠሩበት ፎርማ የተለያየ ስለሆነ የአንዱ 42 ከሌላው 42 ጋር አይገናኝም። የለመዱትን ቁጥር ለጊዜው ይርሱት። 42.5 ልክ ከሆነ 42.5 ይግዙ። «የእኔ ቁጥር እኮ 41 ነው» የሚል ኩራት ጥፍር ያስነቅላል።

ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፤ ከውስጥ የተነጠፈውን ተነቃይ ሶል አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጡትና በካልሲ ይቁሙበት። እግርዎ ከሶሉ ጠርዝ ውጭ በጎን ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው። ሻጩ «እየሰፋ ይሄዳል» ቢልዎትም አይግዙት። ቆዳ ትንሽ ይለቃል፤ ዘመናዊ ሠራሽ ጨርቅ ግን ብዙም አይለቅም። ጫማው የቆመበት ታችኛው ሶል ደግሞ ጭራሽ አይሰፋም።

ፊቱ ሰፊ እግር ያላቸው ሰዎች አንድ የተለመደ ስህተት ይሠራሉ። ስፋት ፍለጋ ርዝመት ይጨምራሉ። ጎኑ ሲጨንቃቸው አንድ ሁለት ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። ጎኑ ትንሽ ይፈታል፤ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጫማ የሚታጠፍበት የራሱ ቦታ አለው፤ እግርዎም ጣቶቹ ሥር የሚታጠፍበት ቦታ አለው። ጫማው ከረዘመ ሁለቱ አይገጥሙም። ተረከዙም ይንሸራተታል፤ ከዚያ ውሃ መቋጠር ይከተላል። ብዙ አምራቾች ያንኑ ቁጥር በሰፊ ቅርጽ ያወጣሉ። ፊታቸውን እንደ እግር ጣት አዘርግተው የሚሠሩም አሉ። ለእርስዎ የሚሻለው እነሱን መፈለግ ነው።

አሁን ጫማውን አድርገው ይሞክሩት። ክሩን ጥብቅ አድርገው ይሰሩና ደረጃ ወይም ዘቅዛቃ ቦታ ይውረዱ። ጣትዎ ፊቱን ከነካ አይሆንም። በጭራሽ መንካት የለበትም። ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ ተረከዝዎን ያዳምጡ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለቱ ችግር የለውም፤ በግልጽ እየወጣ እየገባ ከሆነ ግን ወይ አሳሰሩን ይቀይሩ ወይ ጫማውን ይተዉት።

ጥፍርዎ የጠቆረው እንግዲህ በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አውራ ጣት የጫማውን ፊት ደጋግሞ ይመታል፤ ከጥፍሩ ሥር ደም ይቋጥራል። ካላመመዎት ምንም አይንኩት። ቀስ በቀስ ከጥፍሩ ጋር እያደገ ወደ ፊት ይሄዳል። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ባይለቅ አይደንግጡ። እየጠዘጠዘ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ካለው ሐኪም ደሙን በቀላሉ ያስወጣልዎታል። ጥቁረቱ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት የማይሄድ ወይም እየሰፋ የሚመጣ መስመር ከሆነ ግን ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት። ለጉዞው ጥፍርዎን ቀደም ብለው፣ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። በመነሻው ዋዜማ ማታ አይቁረጡ፤ አዲስ የተቆረጠ ሹል ጠርዝ የጎረቤቱን ጣት ይወጋል።

ወደ ቡትና ቀላል ጫማ ክርክር ልምጣ። እዚህ ላይ አቋም አለኝ። ለ9 ኪሎ ሸክም፣ በተለመደ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ የቁርጭምጭሚት ችግር ለሌለበት ሰው፣ ከባድ የቆዳ ቡት አልመክርም። ለኮረኮንች መንገድ ሩጫ የሚሠራው ቀላል ጫማ ይበቃል። ሻጮች ትሬይል የሚሉት ማለቴ ነው። ምክንያቱ ክብደት ነው። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ማለት እርምጃዎ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከ33,000 እርምጃ በላይ ነው። እያንዳንዱ እግር ከ16,000 ጊዜ በላይ ይነሳል። ቡቱ ከቀላሉ ጫማ በአንድ እግር 400 ግራም ቢበልጥ፣ አንዱ እግርዎ ብቻ በቀን ከ6 ቶን በላይ ተጨማሪ ክብደት ያነሳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ጥናት እግር ላይ የተጨመረ ክብደት ጀርባ ላይ ከተጨመረው ተመሳሳይ ክብደት 6.4 እጥፍ ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለክቷል። የተሠራው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከዚያ ወዲህም አልተቀየረም። በሯጮች ላይ በተደጋጋሚ እንደታየው እያንዳንዱ ጫማ ላይ የተጨመረ 100 ግራም የጉልበት ወጪን 1 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል።

«ቡት ግን ቁርጭምጭሚት ይይዛል» ይላሉ። ሁሉም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት 622 የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን በዕጣ ከፋፍሎ ከፊሎቹን ረጅም አንገት ያለው፣ ከፊሎቹን አጭር ጫማ አስደርጎ ነበር። በወለምታ ብዛት ልዩነት አላገኘም። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ተራራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቡቱ አንገት ጠጠርና እሾህ መከልከሉም አይካድም። ለቁርጭምጭሚትዎ ግን ከቡቱ ይልቅ የሚሻለው ስፖርት ነው። ጥርስዎን ሲፋቁ በአንድ እግር ይቁሙ። ሲቀልልዎት ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት። ከዚህ በፊት ክፉኛ ወለም ብሎዎት ከሆነ በቀላል ጫማ ላይ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ማሰር ይቻላል።

ኤማ ጌትዉድ የተባሉ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1955 በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች የሚያልፈውን የአፓላቺያንን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ብቻቸውን ሄደዋል። ያኔ የመንገዱ ርዝመት 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዕድሜያቸው 67 ነበር። እግራቸው ላይ የነበረው ተራ የሸራ ስኒከር ነው። ይህንን የምጠቅሰው እርስዎም ሸራ ጫማ ያድርጉ ለማለት አይደለም። ያለ ከባድ ቡት ሩቅ መሄድ አይቻልም ለሚል ጓደኛዎ የሚነግሩት ይሁንልዎት።

ቡት ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በረዶ፣ ስለታማ ድንጋይ የሞላበት ቁልቁለት፣ ከ15 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ የሌለበት ቁጥቋጦ፤ ለእነዚህ ቡት እመርጣለሁ። የእርስዎ ጉዞ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ቀላል ጫማ ሲመርጡ ሶሉን ይፈትኑት። በሁለት እጅ ይዘው ያጥፉት። ጣቶች ሥር ላይ መታጠፍ አለበት፤ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ለሸክም አይሆንም። ጠጠር ላይ ይቁሙበት፤ ድንጋዩ ውስጥ እግርዎን ከወጋዎት በቀኑ መጨረሻ ይማረራሉ። ተረከዙ ከፊቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚልም ይዩ። የለመዱት ከፍ ያለ ከሆነ በድንገት ፍጹም ጠፍጣፋ ወደሆነ አይዝለሉ። ባትና የተረከዝ ጅማት ይቆጣሉ። መቀየር ከፈለጉ በሳምንታት ቀስ እያሉ ነው።

ሻጩ እግርዎን አርጥቦ ወረቀት ላይ አስረግጦ «ጠፍጣፋ ነዎት፣ ይህ ነው የሚሆንዎት» ሊልዎት ይችላል። አይገረሙ፤ በጣም የተስፋፋ ነገር ነው። ሆኖም በአሜሪካ ጦር ሦስት ክፍሎች፣ በምድር ጦሩ፣ በአየር ኃይሉና በማሪን ኮሩ ምልምሎች ላይ የተሠሩና እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የታተሙ ጥናቶች፣ በውስጥ እግር ቅርጽ እየተመረጠ የተሰጠ የመሮጫ ጫማ ጉዳትን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። አድርገውት ሲራመዱ የሚመችዎትን ይምረጡ። ምቾት እዚህ ላይ ጥሩ ዳኛ ነው።

ውሃ የማያስገባ ጫማ? ለእርስዎ፣ አይመስለኝም። እነዚህ ጫማዎች ውስጣቸው ስስ ሽፋን አላቸው። ከውጭ ውሃ ይከለክላል፤ ከውስጥ ያለውን ተን በመጠኑ ያስወጣል። በመጠኑ የምትለዋን ያስምሩባት። እግር ሲሠራ ብዙ ያልባል፤ ሽፋኑ ያንን ሁሉ አያደርስም። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም እግርዎ ከውስጥ ይረጥባል። ወንዝ ሲሻገሩ ወይም ዝናብ በካልሲው በኩል ሲወርድ ደግሞ ውሃው በአንገቱ ይገባል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ቀዳዳ ጨርቅ ያለው ጫማ ይረጥባል፣ ግን እየተራመዱበት ይደርቃል። ውሃ የማያስገባው ጠዋትም እርጥብ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ብርዱ የበረታበት፣ በረዶ ያለበት ወይም ጤዛ ብቻ የሚያርስበት አጭር ጉዞ ከሆነ ግን ዋጋ አለው።

አሁን ካልሲ። ሰዎች ለጫማ ሳምንት ሙሉ ይዞራሉ፤ ካልሲ ግን ከመሳቢያ ያገኙትን ይወስዳሉ። ይህ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

ውሃ መቋጠር እንዴት እንደሚመጣ ካወቁ ምርጫው ይቀልልዎታል። ቆዳው ከላይ ስለተፋቀ ብቻ ይመስለናል። ዋናው ነገር ግን ከውስጥ ነው። ሙከራ ያድርጉ። የአንድ እጅዎን ጣት በሌላው እጅዎ ጀርባ ላይ ይጫኑ። ጣቱን ሳያንሸራትቱ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። የላይኛው ቆዳ ከጣቱ ጋር ይሄዳል፤ ከሥር ያለው አጥንት ግን ቦታው ላይ ነው። ጫማ ውስጥ ተገላቢጦሹ ይሆናል። ቆዳው ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ አጥንቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቀሳቀሳል። መሃል ያለው የቆዳ ንብርብር እየተሳበ ይውልና ይሰነጠቃል። ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። በቃ፣ ውሃ ቋጠረ።

ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች ይተባበራሉ፤ የአጥንቱ እንቅስቃሴ፣ ቆዳው መጣበቁ፣ የእርምጃው ብዛት። እርምጃውን መቀነስ አይችሉም። እንቅስቃሴውን ልኩን የጠበቀ ጫማ ይቀንሰዋል። መጣበቁን የሚወስነው ደግሞ እርጥበት ነው። ከደረቅ ቆዳ ይልቅ በላብ ወዝቶ የረጠበ ቆዳ ካልሲ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል። ጥጥ የሚከሰሰውም በዚህ ነው። ላቡን ይመጥጣል፤ መልሶ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ቆዳዎ ላይ ይዞት ይውላል። ሲረጥብ ደግሞ ይጨማደዳል። ወፍራም መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም፤ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ በዚያ ላይ የጫማውን ቦታ ይበላል። እርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የምመርጠው የሜሪኖ ሱፍና የናይለን ቅልቅል ነው። ሱፍ በክብደቱ እስከ 30 ከመቶና ከዚያም በላይ እርጥበት በክሩ ውስጥ መያዝ ይችላል፤ ላዩ ግን እርጥብ አይሆንም። ሲረጥብም ሙቀት ይይዛል። ቶሎ አይሸትም፤ ለስምንት ቀን ጉዞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጓደኞችዎም ያመሰግኑዎታል። ሜሪኖ ክሩ ቀጭን ስለሆነ እንደ ተራ ሱፍ አይኮሰኩስም። ብቻውን ግን ቶሎ ይበሳል፤ ናይለኑ የሚገባው ለጥንካሬ ነው። ትንሽ የሚለጠጥ ክር ደግሞ ካልሲው እንዳይሸበሸብ ያደርጋል። ሱፍ የማይስማማዎት ከሆነ የፖሊስተርና የናይለን ካልሲም ጥሩ ነው። ፖሊስተር ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ላቡን ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ቶሎም ይደርቃል። ሽታው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የካልሲ ልክም ልክ ነው። ትልቅ ካልሲ ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡ ቆዳ ይበላል። ትንሽ ካልሲ ጣት ያጨማድዳል። ተረከዙ ተረከዝዎ ላይ መቀመጥ አለበት። እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡና ጣቶች ላይ ያለውን ስፌት ይዳስሱ፤ ጎላ ብሎ ከተሰማዎት በ20ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግርዎም ይሰማዋል። ውፍረቱ መካከለኛ ይሁን። ምንም ይምረጡ፣ ጫማውን የሚለኩት በዚያው ካልሲ ነው። ጫማ ከገዙ በኋላ ወፍራም ካልሲ መቀየር ማለት ጫማውን በግማሽ ቁጥር ማሳነስ ማለት ነው።

ሁለት ካልሲ መደረብም ይቻላል። ከሥር ስስ የፖሊስተር፣ ከላይ የሱፍ። ሐሳቡ መንሸራተቱ በቆዳና በካልሲ መካከል ሳይሆን በሁለቱ ካልሲዎች መካከል እንዲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የማሪን ምልምሎች ላይ የተሠራ ጥናት ስስ የፖሊስተር ካልሲ ከወፍራም የሱፍና የፖሊፕሮፒሊን ካልሲ ጋር ሲደረብ ውሃ መቋጠርን እንደቀነሰ አሳይቷል። ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ተረከዙ ደጋግሞ ለሚጎዳበት ሰው ግን መሞከር ያዋጣል። በጣቶችዎ መካከል ውሃ የሚቋጥርብዎት ከሆነ ደግሞ እንደ ጓንት ለየጣቱ የተሠራ ካልሲ አለ። ሲያዩት ያስቃል፤ ይሠራል ግን።

ሦስት ጥንድ ይያዙ። ሁለቱን በፈረቃ ይራመዱባቸው። ሦስተኛው ለመኝታ ብቻ ነው፤ ምንም ቢመጣ አይራመዱበትም። እኩለ ቀን ላይ ሲያርፉ ጫማና ካልሲ ያውልቁ። እግርዎን ያናፍሱ፣ ያድርቁ፣ ደረቁን ካልሲ ያድርጉ። እርጥቡን ቦርሳዎ ላይ ያንጠልጥሉት። ማታ ያገኙትን ውሃ ተጠቅመው ይጠቡት፤ የደረቀ ላብ ጨው ካልሲውን ያደርቀውና እንደ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል። ከዚህ ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ የሚከተል ሰው ቢኖር የእኩለ ቀኑን እረፍት ይከተል ነው የምለው። ብዙ ሰው ጓደኞቹን ላለማስጠበቅ ይተወዋል። በአራተኛው ቀን እያነከሰ የበለጠ ያስጠብቃቸዋል።

የተረከዝዎ ነገር በጫማና በካልሲ ብቻ ካልተስተካከለ ፕላስተር ይጨምሩ። ውድ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 128 ሯጮችን በበርካታ ቀናት የ250 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ተከታትሏል። የእግራቸው ከፊሉ ቦታ ለቁስል ፋሻ መያዣ በሚያገለግለው ተራ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ፣ ቀሪው ሳይለጠፍ ሄዱ። የተለጠፈው ቦታ ላይ ውሃ መቋጠር በ40 ከመቶ ቀንሷል። ጠዋት፣ እግርዎ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ ሳይሸበሸብ ተረከዝዎ ላይ ይለጥፉት። ሲያወልቁትም ቆዳ ይዞ አይነሳም። ይህ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ቫዝሊን የሚቀቡ አሉ። መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ቆዳውን አለስልሶ መጣበቁን ሊጨምር ይችላል። ከተቀቡ ደጋግሞ መቀባትን ያስቡ። ላብ የሚያቆም መድኃኒትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ላይ እጩ መኮንኖች ከ21 ኪሎ ሜትር ጉዞ በፊት ለጥቂት ሌሊቶች ተቀብተውት ነበር። ውሃ የቋጠረባቸው 21 ከመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ የሌለበትን ማነጻጸሪያ ከተቀቡት ግን 48 ከመቶ ናቸው። ደስ ይላል፤ ችግሩ ከግማሽ በላይ የሆኑት ቆዳቸው ተቆጥቷል። ስለዚህ እኔ በቀላሉ አላዝዘውም።

መንገድ ላይ አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር ይቁሙ። «እዚያ ዛፍ ጋ ስደርስ» አይበሉ። ወዲያው ያውልቁ፣ ያድርቁ፣ ይለጥፉ፣ ካልሲ ይቀይሩ። ቁስል ከሆነ በኋላ ከሚያባክነው ጊዜ ጋር ሲተያይ ይህ አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ውሃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ አያፍርጡት፤ ይሸፍኑት። ትልቅ ሆኖ መርገጥ ከከለከለዎት እጅዎን ታጥበው፣ ቦታውን አጽድተው፣ ከጀርም በጸዳ መርፌ ጠርዙ ላይ ይብሱት። ፈሳሹን ቀስ ብለው ይጫኑና ያስወጡ። የላዩን ቆዳ አይላጡት፤ ከእሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ከዚያ ይሸፍኑት። ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ካዩ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጉዞው ይቆማል፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ስለ አሳሰር አጠር አድርጌ ልናገር። ብዙ ጫማዎች ላይ ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ባዶዋን የቀረች የመጨረሻ ቀዳዳ አለች። ክሩን በዚያው ጎን ወደ እሷ አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይሥሩ። ከዚያ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ይሳቡት። ተረከዙ ወደ ኋላ ተስቦ ይያዛል። የእግርዎ ላይኛው ክፍል የሚጨነቅ ከሆነ በዚያ ቦታ ላይ ክሩን ሳያመሳቅሉ በጎን ብቻ ይለፉ። ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ያጥብቁ፤ እግርዎ ሲያብጥ ያላሉ። አንዴ ጠዋት አስሮ ማታ መፍታት የለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጫማውን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይግዙ። ቀላሉ ጫማ ብዙ መለማመድ አይፈልግም፤ የቆዳ ቡት ግን ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብቻ ያድርጉት፤ ካልተመቸዎት መመለስ ይችላሉ። ከዚያ ቦርሳውን ሞልተው ሁለት ቀን ተከታታይ ይሂዱ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ጫማው የሚጋለጠው ባበጠ እግር በሁለተኛው ቀን ነው። ቀላል ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይሞታል፤ ከላይ አዲስ ቢመስልም። ስለዚህ ልምምዱንም ጉዞውንም በአንድ ጫማ መጨረስ ይችላሉ።

የቀድሞ ቡት ቁም ሣጥን ውስጥ ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። የብዙ ቡቶች መካከለኛ ሶል ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ነው። ይህ ነገር ሳይለበስ ቢቀመጥም ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ይበሰብሳል። ለዓመታት «አዲስ ነው» ተብሎ የተቀመጠ ቡት በመጀመሪያው ቀን ሶሉ ተቦጭቆ ሲወድቅ አይቻለሁ። በእጅዎ ጨምቀው ይፈትኑት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከፈረፈረ ወደ ጉዞ አይውሰዱት።

አንድ ያልነገሩኝ ነገር አለ። የስኳር ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም የደም ዝውውር ችግር ካለብዎት ከላይ ስለ መርፌው የጻፍኩት ለእርስዎ አይሠራም። እንዲህ ያለ እግር ሲጎዳ ላያምዎት ይችላል፤ ትንሿ ቁስልም ቶሎ አትድንም። እንዲያ ከሆነ ጫማ ከመግዛትዎ በፊት እግርዎን ለሐኪምዎ ያሳዩ። በጉዞው ላይም ጠዋትና ማታ በመስታወት የውስጥ እግርዎን ይመልከቱ።